አኳክሊር 110 ወይስ ታይዳል 110? ለትልቅ አኳሪየም ከኋላ የሚንጠለጠል ፊልተር ስትመርጡ

300 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም ሳሎናችሁ ውስጥ ካለ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ከሚንጠለጠሉት ፊልተሮች ውስጥ ለዚህ መጠን አቅም ያላቸው ጥቂት ናቸው። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሁለቱ፣ የካናዳው ሄገን አኳክሊር 110 እና የአሜሪካው ሲኬም ታይዳል 110 ናቸው። ሁለቱም ደህና ዕቃ ናቸው። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ላለ ቤት ግን ከሁለቱ አንዱ ይሻላል እላለሁ። ምክንያቴ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አይገናኝም።

ቁጥሩን ቶሎ እንጨርሰው። አኳክሊሩ በሰዓት 1,890 ሊትር አካባቢ፣ ታይዳሉ 1,700 ሊትር ያህል ውሃ ይገፋሉ። ለአብዛኛው ዓሣ የአኳሪየሙ ውሃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቢዞር ይበቃል። ስለዚህ ለ300 ሊትር ሁለቱም ይሆናሉ። ስፖንጁ ቆሻሻ ሲይዝ ቁጥሩ እንደሚወርድ ግን አትርሱ። የያዛችሁት ጎልድፊሽ ወይም ኦስካር ከሆነ፣ ብዙ ስለሚበሉና ብዙ ስለሚያቆሽሹ አንድ ፊልተር ብቻውን ይጨነቃል።

ዋናው ልዩነት የሚታየው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። የአኳክሊር ሞተር ከመስታወቱ ውጭ፣ ከሳጥኑ ሥር ነው የተገጠመው። ለመነሳት ውሃ ማግኘት አለበት። መጀመሪያ ስትሰኩት ሳጥኑን በጆግ ውሃ የምትሞሉትም ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ የሳጥኑ ውሃ በመምጠጫው ቱቦ ወደ ኋላ ይመለስና ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ይቆማል። አኳሪየሙ ሙሉ ከሆነ ችግር የለም፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ውሃው ተንኖ ጥቂት ጣት ወርዶ ከቆየ ግን ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። ሞተሩ ያጓራል እንጂ ውሃ አያነሳም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ አኳሪየምን ሁልጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ መያዝ ቀላል አይደለም። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፣ ቤት ሰው የለም፣ ሞተሩ እስከ ማታ በደረቁ ይዞራል፤ ዓሦቹም ያለ ፊልተር ይውላሉ።

የታይዳል ሞተር ያለው አኳሪየሙ ውስጥ፣ ከውሃው ወለል በታች ነው። ሁሌም ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ መብራት እንደመጣ ማንም ሳይነካው ውሃውን ስቦ ሳጥኑን ይሞላል። ለእኔ ምርጫውን የሚቆርጠው ይሄ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ሰው የማይኖር ከሆነ ታይዳልን ግዙ።

ቤት ሰው የማይጠፋ ከሆነ ግን አኳክሊር በጣም ያስደስታል። ሳጥኑ ሰፊ ነው፤ ስፖንጅ፣ ካርቦንና ሴራሚክ ተደራርበው ይገቡበታል፣ ውሃውም ከታች ወደ ላይ ሁሉንም አልፎ ይወጣል። ስፖንጁ ተራ ወፍራም ስፖንጅ ስለሆነ ሲያልቅ ከመርካቶ ገዝታችሁ በልኩ መቁረጥ ትችላላችሁ፣ ሽታና ኬሚካል የሌለው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሲዘጋ ደግሞ ይነግራችኋል፦ ውሃው በፊት ለፊት ከመፍሰስ ይልቅ በመምጠጫው በኩል ተመልሶ መውረድ ይጀምራል። ታይዳል ለዚሁ ሥራ ከላይ ብቅ የሚል ሰማያዊ ምልክት አለው። በሁለቱም ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ። ክሎሪኑ ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳቸዋል። ከአኳሪየሙ ራሱ ባልዲ ውሃ ቀድታችሁ እዚያ ውስጥ ጭመቁት።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፣ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለዓሣ ብላችሁ ውሃውን በሂተር ስታሞቁት ይብስ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃውን ከላይ የሚያናውጥ ፊልተር እዚህ ጌጥ አይደለም። ሁለቱም እንደ ፏፏቴ ያወርዱታል። ታይዳል በተጨማሪ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት የሚስብ ቀዳዳ አለው። ይህ ቅባት አየር እንዳይገባ ስለሚያግድ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ጫጩት ዓሣ ካላችሁ ግን ቀዳዳው እነሱንም ሊስብ ስለሚችል በጥልፍልፍ ስፖንጅ ሸፍኑት።

አሜሪካ ላለ ዘመድ «አምጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህን እወቁ። እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) የተሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካም። የእነዚህ ፊልተሮች ሞተር የሚዞረው በኸርዙ ልክ ስለሆነ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። አኳክሊሩ ከ1,890 ወደ 1,575 ሊትር አካባቢ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይበልጥ ይሞቃል። አውሮፓ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ቢያመጣላችሁ ይሻላል። ካርቶኑን ሳይሆን ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስልካችሁ አንብቡ።

ከመክፈላችሁ በፊት አኳሪየማችሁን ለኩ። እዚሁ መስታወት ቤት የተሠሩ ትላልቅ አኳሪየሞች ብዙ ጊዜ ከላይ ጠርዛቸው ዙሪያውን ወደ ውስጥ የተለጠፈ የመስታወት ማጠናከሪያ አላቸው። ያ ማጠናከሪያ ካልተቆረጠ የትኛውም ተንጠልጣይ ፊልተር አይገባም። ገና ልታሠሩ ከሆነ፣ ለባለሙያው ፊልተሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ክፍት እንዲተውላችሁ አሁኑኑ ንገሩት። ከግድግዳውም ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ተዉ።

አቅሙ ካላችሁ ከሁለቱም የምመርጠው ሌላ መንገድ አለ፦ በአንድ ትልቅ ፊልተር ፋንታ ሁለት ታይዳል 55፣ በአኳሪየሙ ግራና ቀኝ። እያንዳንዱ በሰዓት ወደ 1,000 ሊትር ይገፋል። አንዱ ቢበላሽ መለዋወጫ እስኪገኝ ሌላው ዓሦቹን ያቆያል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ሳይሆን፣ አንዱን በዚህ ሳምንት ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እጠቡ፣ ባክቴሪያው አብሮ እንዳይጠፋ።