በመንግሥት ጤና ተቋማት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የሥነ ልቦና አገልግሎት ሲመዘን

አገልግሎቱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና በመጀመሪያው የታካሚ ምዘና ላይ ነው። 9 ጥያቄ ባለው የድብርት መለኪያ፣ በፒኤችኪው-9፣ ከ27 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በጥልቀት መታየት አለበት። ግን መለኪያው የሚቆጥራቸው እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና የእንቅስቃሴ መዘግየት ከአከርካሪ ጉዳት ወይም ከመድኃኒትም ይመጣሉ። ነጥብ ብቻ አይቶ ማዘዣ መጻፍ ስህተት ነው፤ «ጉዳቱ ያመጣው ነው» ብሎ ማለፍ ደግሞ ይብሳል። ጎበዝ ባለሙያ «ድሮ ያስደስትዎ የነበረው ነገር ዛሬስ?» ይላል፤ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን 9ኛውን ጥያቄም አይዘልም።

አስታማሚው ለተወሰነ ጊዜ ከክፍሉ ይውጣ። እናት አጠገብ ተቀምጣ ስለ ወሲብ ወይም «ሸክም ሆንኩ» ስለሚለው ስሜት ማን አፉን ሞልቶ ያወራል?

ቀጠሮው 50 ደቂቃ ከሆነ፣ በዊልቸር ያለ ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ከመቀመጫው ላይ ክብደቱን እንዲያቀል ፋታ ይሰጠው፤ አለዚያ የግፊት ቁስል ሊጀምር ይችላል።