የላዳ ካቴና ሙሉ ዕቃ፦ ብረቱ ደህና፣ ላስቲኩ ደካማ

ካቴና ማለት ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ (ክራንክ) ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ (ካም ሻፍት) ጋር የሚያገናኝ የሞተር ሰንሰለት ነው። ስትገዙ የካርቶኑን ሥዕል ተዉትና የካቴናውን ዓይን ቁጠሩ። የ1200 እና የ1300 ላዳ 114 ዓይን፣ የ1500 እና የ1600 ደግሞ 116 ዓይን ይፈልጋል፤ የኋለኞቹ ብሎክ ከፍ ስለሚል ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ ሱቅ ቀይሩ። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ ነው ብሎ የፊያት የሚያቀብልም አይጠፋም። የመደበኛው ፊያት ካም ሻፍት ብሎክ ውስጥ ነው፣ የላዳው ግን ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተር ራስ) ላይ፤ ካቴናቸው አይገናኝም።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ የአምራች ስም በሌለው ካርቶን የሚሸጠው ሙሉ ዕቃ ባለ ሁለት ረድፍ ካቴና፣ ሦስት ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸው ባለ ጥርስ መዘውሮች)፣ ካቴናውን የሚወጥር መወጠሪያና እንዳይወዛወዝ የሚይዝ መደገፊያ ይዟል። ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክሉት ጉዋርኒሲዮንና የክራንክ ኦይል ሲል የሉበትም፣ ለብቻ ይገዛሉ።

ካቴናው ጥሩ ነው። ጫፉን ይዛችሁ በጎኑ ስትዘረጉት ብዙም አይረግብም፤ ያረጀው እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። አሮጌው ከመጀመሪያ ርዝመቱ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከረዘመ አበቃለት። ጥርሶቹም ንጹሕ ናቸው። ካቴና ብቻ ገዝቶ በተበላ ጥርስ ላይ መግጠም የተለመደ ቁጠባ ነው፣ የተበላው ጥርስ ግን አዲሱንም ቶሎ ይጨርሰዋል።

ችግሩ ላስቲኩ ነው። መወጠሪያው ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ጠርዙ በጥፍር ሲነካ ይነሳል። ሞተር ውስጥ ከተቆራረጠ ስብርባሪው የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይዘጋል፣ የዘይት ግፊትም ይወርዳል። መወጠሪያውንና መደገፊያውን ጨመር ከፍሎ ከሌላ ቦታ መግዛት ይሻላል።

ለመግጠም የክራንኩ ዳዶ ቁጥር 38 መፍቻ ይፈልጋል፤ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ማስረገጥ ክራንኩን ያቆመዋል። የፊት ክዳኑ ሳይነሳ የፑሌውን (የክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው የቺንጋ መዘውር) ምልክት ከክዳኑ ረጅም መስመር፣ የካም ሻፍቱን ጥርስ ነጥብ ደግሞ ቤቱ ላይ ካለው ጉብታ ጋር አገናኙ። ዲስትሪቡተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) የሚያዞረው ጥርስ ምልክት አያስፈልገውም፣ ኢግኒሽኑ ኋላ ይስተካከላል። የካም ሻፍቱ ቡሎን ቁጥር 17 ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ድፈኑ፤ የጥርሱ ፒን አምልጦ ከወደቀ ሥራው ሌላ ነው። ሲታሰር ከ33 እስከ 41 ኒውተን ሜትር ይበቃል፣ መቆለፊያው ጠርዝም መታጠፍ አለበት።

ብዙ ጋራዥ የሚስተው ውጥረቱን ነው። መወጠሪያውን በመዶሻ አትግፉ። ቁጥር 13 ዳዶውን ግማሽ ዙር አላሉ፣ ክራንኩን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ሦስት ዙር አዙሩ፣ ከዚያ እሰሩ። ወደ ኋላ ከዞረ ካቴናው ይረግባል። ምልክቶቹን ደግማችሁ እዩ፦ በአንድ ጥርስ ከተሳሳተ ሞተሩ ይነሳል እንጂ ከዓባይ ወደ ደጀን ዳገት አይጎትትም፤ ስሕተቱ ከበዛ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። የላይኛው የቫልቭ ክዳን ተከፍቶ ሳለ የቫልቩን ክፍተትም ለኩ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር ነው።

አዲስ ካቴና መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚላላ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ውጥረቱ ይደገማል። ከዚያም በኋላ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ሲለቀቅ ከሞተሩ ፊት መንቋቋት ከተሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ላስቲክ ነው።