ባለ 10 ዋቷ የመስመር ትራንስፎርመር፦ ሳትለኩ አትግጠሟት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የምትገኘው ይህች ስም የለሽ ትራንስፎርመር ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፋት ዕቃ ናት። ሥራዋ አምፕሊፋየሩ በረጅም ሽቦ የሚልከውን የ100 ወይም የ70 ቮልት የድምፅ መስመር ጡሩምባው ወደሚችለው ዝቅተኛ ቮልት ማውረድ ነው። በአንድ ወገን አራት ሽቦ፣ በሌላው ሦስት ሽቦ አላት። በአንዱ በኩል 10፣ 5 እና 2.5 ዋት፣ በሌላው 4 እና 8 ኦም ተጽፎባታል። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመናኸሪያ ጡሩምባ ገንዘብ ከሚወጣባቸው ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ የምትክስ እሷ ናት። ሆኖም ሳይለኩ መግጠም አይገባም። ለ100 ቮልትና ለ70 ቮልት የተጠቀለሉት ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ ገዢውም ሻጩም በዓይን አይለያቸውም።

ጥቅሟ የሚታየው በሽቦ ርቀት ነው። ወሎ ውስጥ ብዙ ግቢ ተዳፋት ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ከታች፣ አራቱ ጡሩምባዎች ከላይ፣ መካከሉ 100 ሜትር ነው እንበል። አራቱን ባለ 8 ኦም ጡሩምባዎች ፓራሌል ብታገናኟቸው ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል። ባለ 1.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ 200 ሜትር ሲሆን እሱ ራሱ 2.4 ኦም ገደማ አለው። ስለዚህ ከሚወጣው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚቀረው ሽቦ ላይ ነው፤ ሰው ድምፅ አነሰ ብሎ አምፕሊፋየሩን የሚያስጮኸውና የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። በትራንስፎርመሯና በ100 ቮልት መስመር ግን በ10 ዋት የገባ እያንዳንዱ ጡሩምባ ለመስመሩ 1000 ኦም ይሆናል፣ አራቱ አንድ ላይ 250 ኦም። ያው 2.4 ኦም አሁን ከመቶ አንድ እንኳ አይበላም። ቀጭኑ ባለ 0.75 ካሬ ገመድ ቢሆንም የሚበላው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው፤ ለወፍራም ሽቦ የተመደበው ብር ለጥሩ ማይክ ቢውል ይሻላል።

ስሌቱ አጭር ነው። ጡሩምባው ለመስመሩ ስንት ኦም እንደሚሆን ለማወቅ የመስመሩ ቮልት 100 በ100 ተባዝቶ ለዋቱ ይካፈላል፦ 10 ዋት 1000 ኦም፣ 5 ዋት 2000፣ 2.5 ዋት 4000። 1000ን ወደ 8 ለማውረድ የጥቅሉ ዙር 11.2 ለ1 መሆን አለበት፤ ይህም የ125 ስኩዌር ሩት ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ፍተሻው የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ከኮመኑ (ለሦስቱም ዋቶች የጋራ ከሆነው ሽቦ) ወደ ሦስቱ ሽቦዎች ስትለኩ ትልቁን ቁጥር የሚያሳየው 2.5 ዋት፣ ትንሹን የሚያሳየው 10 ዋት ነው፤ ዋቱ ሲያንስ ዙሩ ይበዛልና። የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አትመኑት። በሁለቱ ወገኖች መካከል ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ 1000 ኦም ካላነበበ ተበላሽታለች ብሎ ይመልሳታል። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ሬዚስታንስ እንጂ ኢምፔዳንስን፣ ማለትም ለድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ አይደለም። ባለ 8 ኦም ጡሩምባም በቴስተር ሲለካ 6 ወይም 7 ነው የሚያሳየው።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ዳዮድ የሌላት፣ ከ220 ወደ 12 ቮልት ኤሲ የምታወርድ ተራ ትራንስፎርመር ውሰዱና 12ቱን ቮልት በኮመኑና በ10 ዋቱ ሽቦ መካከል ስጡ። እስፒከር ሳይገናኝ በ8 ኦሙ ጫፍ 1.07 ቮልት ማንበብ አለባችሁ። በ5 ዋቱ ብትሰጡ 0.76፣ በ2.5 ዋቱ 0.54 ይሆናል። ባለ 12 ቮልቷ ጭነት ከሌላት 13 ወይም 14 ልታወጣ ስለምትችል መጀመሪያ የምትሰጡትን ለኩ፣ ከዚያ በሌላው ወገን ለተነበበው አካፍሉት። 11 አካባቢ ከመጣ ዕቃዋ የ100 ቮልት ናት። ወገኑን አገላብጣችሁ 12 ቮልቱን በእስፒከሩ ሽቦ ላይ እንዳትሰጡ ተጠንቀቁ፤ በዚያኛው ጫፍ ሰው የሚነዝር ከ100 ቮልት በላይ ይወጣል።

ማካፈሉ 8 አካባቢ ከሰጠ፣ ማለትም በ12 ቮልት 1.5 ካነበባችሁ፣ የያዛችሁት የ70 ቮልቷን ነው። እሷን 100 ቮልት መስመር ላይ በ10 ዋቱ ብትሰቅሉ የምትስበው 20 ዋት ነው። አራት ሲሆኑ 80 ዋት፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ባለ 60። ለግማሽ ሰዓት ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ፊውዙ ወይም ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ለመጣል ግን አትቸኩሉ። 5 ዋት በተባለው ሽቦ ግጠሟት፤ በ100 ቮልት መስመር ላይ ልክ 10 ዋት ትስባለች፣ ኮሩም (ጥቅሉ የተጠመጠመበት ብረት) አይጨነቅም። አምፕሊፋየሩ የ70 ቮልት መውጫ ካለው ደግሞ እዚያ ላይ እንደ ጽሑፏ ትሠራለች።

በእስፒከሩ ወገን ባለ 16 ኦም ጡሩምባ በ8 ኦሙ ላይ ብታስሩ ዋቱ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ጉዳት የለውም። ባለ 4 ኦም በ8ቱ ላይ ከታሰረ ግን ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። የሁሉም ጡሩምባ ዋት ሲደመር ከአምፕሊፋየሩ 80 በመቶ እንዳያልፍ አድርጉ፤ ለባለ 60 ዋት ማለት 48 ነው፣ አራት ባለ 10 በምቾት ይገባሉ። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ አንዱን መውጫ ብቻ ተጠቀሙ፦ ወይ 100 ቮልቱን ወይ 8 ኦሙን። ትራንስፎርመር የሌለውን ባለ 8 ኦም ሞንታርቦ በቀጥታ 100 ቮልቱ ላይ መሰካት አምፕሊፋየሩን አውቆ ማቃጠል ነው፤ 167 ኦም ለሚጠብቅ መውጫ 8 ኦም እንደ ሾርት ነው።

ደካማ ጎኗ ከበሮና ድቤ ነው። አዛንና ስብከት በንጹሕ ያልፋሉ፤ መንዙማው በድቤ ሲደምቅ ወይም ማኅሌት በከበሮ ሲነሳ ግን ወፍራሙ ድምፅ ትንሿን ኮር ያጠግባታል፣ ድምፁም ይቀደዳል። ጡሩምባው ራሱ ያንን ቤዝ አውጥቶ ስለማያሰማ ምንም አይቀርባችሁም፣ ቁረጡት። ሚክሰሩ ላይ ሎው ከት (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ) ካለ ተጫኑት፣ ከሌለ የቤዙን ቁልፍ አውርዱ። ወይም ከእያንዳንዷ 10 ዋት ሽቦ ጋር ዋልታ የሌለው ባለ 250 ቮልት 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ እሰሩ፤ ከ160 ኸርትዝ በታች ያለው እየተዳከመ ይሄዳል።

አሠራሯ ላይ ቅሬታ አለን። ላሜራዋ ቫርኒሽ በደንብ አልጠጣም፤ የደሴ ጉምና የክረምቱ ዝናብ ጥቂት ወራት ሲመላለስባት ትዝጋለች። በፕላስቲክ ሣጥን ክተቷት፣ የሽቦውን መግቢያ ከሥር አድርጉት፣ መገጣጠሚያውንም በፕላስተር ብቻ ሳይሆን በሳልደር ያዙት። የክብሪት ሣጥን የምታክል ሆና 10 ዋት የተጻፈባትን ተዉአት፤ ለ10 ዋት ኮሩ እጅ ላይ ክብደቱ ሊታወቅ ይገባል።

ወልድያ ወይም ባቲ ሆናችሁ ይህችን ካጣችሁ፣ ከ220 ወደ 24 ቮልት የምታወርድ ባለ 2 አምፔር ትራንስፎርመር ቦታዋን ትይዛለች። 220ውን ወገን ለመስመሩ፣ 24ቱን ለባለ 8 ኦም ጡሩምባ ስጡ፤ በ100 ቮልት 15 ዋት ገደማ ትስባለች። ለድምፅ ተብላ ስላልተጠቀለለች ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይደፈናል፣ ትሬብሉን ከፍ አድርጉ። በባለ 60 አምፕሊፋየር ላይ ከሦስት በላይ አትስቀሉ።