የወደቡ ቤት ወይስ የዳገቱ? ለዕረፍት ለሚከራዩ

ወደ ዓሣ አጥማጆች መንደር ለዕረፍት የሚሄድ ወዳጅ ሁሉ «ራሳችን እያበሰልን የምንሰነብትበት ቤት የትኛው ይሻላል?» ይለኛል። በሩ ወደቡ ላይ የሚከፈት ቤት አለ፤ ከመንደሩ ጀርባ ዳገቱ ላይ ያለም አለ። እኔ የዳገቱ ወገን ነኝ።

የወደቡን የተከራየሁት ፎቶግራፉ አታልሎኝ ነው። ጀልባዎቹ በሰማያዊ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ስንደርስ ግን ጭቃው ላይ በጎናቸው ተጋድመው አገኘናቸው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በሚጎላበት አካባቢ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ አከራዩ ፎቶ የሚያነሣው በሙላቱ ሰዓት ነው። በጉድለቱ ሰዓት የባሕር አረም ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ሞተሩ ይነሣል። አጥማጆቹን አልወቅስም፤ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው፣ እንግዳው እኔ ነኝ።

ከሁሉ የባሰው ጨው ነው። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ዝጎ ኖሮ ገና ስነካው እጄ ላይ ቀረ፤ ዋጋው ከመያዣዬ ተቆረጠ። ከአራቱ የምድጃ አፎች የሚነድደው አንዱ ብቻ ነበር። ምድጃው ካልሠራ ምግብ ቤት መመላለስ ነው፤ ይቀረናል ያልነው ወጪ እዚያው አለቀ። አሁን ሳልከፍል በፊት ምድጃው ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ እጠይቃለሁ፤ እንደገባሁም ሻንጣ ሳልፈታ መስኮትና ማጠፊያውን ሁሉ በስልኬ እቀርጻለሁ።

ዋጋውን በተጻፈው የሌሊት ኪራይ አትመዝኑ። ጽዳት፣ አንሶላና ፎጣ፣ በቆጣሪ የሚታሰብ ማሞቂያ ሁሉ ይደመርና ለሌሊቶቹ ይካፈል። የጽዳት ክፍያው የ1 ሌሊት ኪራይ ያህል ቢሆን፣ 2 ሌሊት ያደረ የ3 ከፈለ፤ 7 ያደረ ግን የ8 ብቻ። ወደቡን የሚያይ መስኮት ለብቻው ዋጋ አለው፤ ከዳገቱ ላይ ግን ያንኑ ባሕር በርካሽ ታያላችሁ፣ መኪናም በር ላይ ይቆማል። ዓሣውን ይዞ መውጣት ያደክማል፣ አልክድም።

የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ገልብጠው የሚያከራዩም አሉ። ዋጋው ከጎረቤቶቹ በግማሽ ካነሰና «ገንዘቡን በግል የባንክ ሒሳቤ አስገቡ» ከተባላችሁ፣ ሰውየው በቪዲዮ እየደወለ ከበሩ እስከ መስኮቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ አንዱ «ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት ይዞ የሚሄድ ግን የወደቡን ይያዝ፤ መኝታ ክፍሉ ፊቱን ከወደቡ ያዞረ መሆኑን አስቀድሞ ጠይቆ።