ባህር ዳር ሆናችሁ እንግሊዝኛ ለምትፈልጉ፣ የኛን ቲቸር ልጠቁማችሁ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች። እዚህ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ባጃጅ ላይ ስለቀረ ስልክ ወይም ስለሚከራይ ቤት ነው። ዛሬ ግን የምስጋና ዕዳ አለብኝ። ካዘገየሁት ዓመት አልፎታል።

የምሰራው ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ከሶስት ዓመት በፊት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት እኛ ጋ አርፈው ዘጌ ተሻግረው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት ፈለጉ። ጀልባ ነጂውን አነጋገርኩና ጠዋት 2 ሰዓት ተባባልን። ለእንግዶቹም «ቦት፣ ቱሞሮው፣ ቱ ኦክሎክ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው አመሰገኑኝ። በማግስቱ ጀልባ ነጂው ወደቡ ላይ ቆሞ ሲደውልልኝ ሰዎቹ ቁርሳቸውን በልተው ገበያ ሊዞሩ ወጥተዋል። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የፀሐይ ቅባት ተቀብተው ፊቴ የቆሙት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። በነሱ አቆጣጠር ልክ ቱ ኦክሎክ፤ አንድ ደቂቃ አላሳለፉም። ጀልባዋ ሌላ ሰው ጭና ከሄደች ቆይታለች።

ቀብዳቸውን ከኪሴ መለስኩ። እሱ አይደለም ያበሸቀኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አፌን ስከፍት ከ«ሶሪ» ሌላ የሚወጣ ነገር አጣሁ። የኛ ሰዓት ከነሱ በ6 እንደሚለይ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ የሆቴል ሰው ይሄን ካላወቀ ምን ያውቃል? ጭንቅላቴ ያውቀዋል፣ ምላሴ ግን አያውቀውም።

እንግሊዝኛ ደግሞ ያልተማርኩ እንዳይመስላችሁ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ነው የተማርኩት። እስከ 8ኛ ሌላው ትምህርት በአማርኛ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ «ብርሃን አስተፃምሮ» ያልነው ነገር በአንድ ክረምት «ፎቶሲንተሲስ» ሆኖ ጠበቀኝ። አስተማሪውም ፕላዝማ ሆነ። እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ትጠይቃለች፣ ለመልሱ ጥቂት ጊዜ ትሰጣለች፣ እኛ ጥያቄው ምን እንደሆነ እየተጠያየቅን «ቬሪ ጉድ!» ብላን ታልፋለች። እውነትም ጉድ ነበር። ፈተናው ሁሉ ምርጫ ስለሆነ 12ኛን የጨረስኩት ክብ እያጠቆርኩ ነው። በ12 ዓመት ውስጥ ከራሴ አፍልቄ የጻፍኩት አንድ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ትዝ አይለኝም።

ከጀልባዋ ጉዳይ በኋላ አንድ ማሰልጠኛ ተመዘገብኩ። ስሙ ይቅር። «በ3 ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ትልቅ ባነር ነበረው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ50 ሰው በላይ ታጭቀን ፎቶ ኮፒ የተደረገ የቴንስ (የግስ ጊዜ) ሰንጠረዥ በቃላችን አጠናን። ፓስት ፐርፌክት ኮንቲንዩስ ምን እንደሆነ በእንቅልፌ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ለእንግዳ «ክፍልዎ ገና እየጸዳ ነው» ማለት ግን አልቻልኩም። ሰርተፍኬት ሰጡኝ። ስሜ ተሳስቶ ነው የተጻፈው።

ቲቸር ጋ የወሰደኝ የኛው ሆቴል ምግብ አብሳይ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ስሜን በየስልኩ እንዳላየው» ብለው አስጠንቅቀውኛል፣ እሳቸው ደግሞ ካሉ አሉ ነው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አንድ ክፍል ይፈቅድላቸዋል። ዴስኩ የ2ኛ ክፍል ልጆች ስለሆነ ጉልበታችን አይገባም፤ ወደ ጎን ዞረን ነው የምንቀመጠው። ያኔ 14 ነበርን። ሁለት ነርሶች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አስጎብኚዎች፣ ልጇን የቤት ሥራ ማሠራት አቅቷት የመጣች እናት፣ እኛ የሆቴል ሰዎች።

የመጀመሪያ ቀን ስማችሁን ተናገሩ የለ፣ ሰንጠረዥ የለ። ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «መጣሁ!» ብለው ጻፉ። «ደንበኛ ጠራህ፣ ወጥ ቤት ነህ። መጣሁ ማለት ፈለግህ። ምን ትላለህ?» አሉት አብሳዩን። «አይ ኬም!» አለ በኩራት።

«ከመጣህ የታለህ?» አሉት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሳይስቁ አስረዱን። እኛ ልናደርገው የተነሳነውን ነገር እንዳደረግነው አድርገን እንናገራለን፤ ከመቀመጫችን ሳንነሳ «ሄድኩ» ብለን እንሰናበታለን። እንግሊዝኛው እየመጣሁ ነው ይላል፣ «አይም ካሚንግ»። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስሄድ ሳስበው፣ በሕይወቴ ሙሉ ስሳሳት የኖርኩት ስለ ደነዝኩ ሳይሆን አማርኛዬን ይዤ ስለምገባ እንደሆነ ገባኝ። የሳቸው ትምህርት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ አማርኛውን ሰሌዳ ላይ ያሰጡታል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ «የስ» እና «ኖ» ብቻ ተማርን ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም መጀመሪያ ገንዘቤ የተበላ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው «ዶንት ዩ ሃቭ ሆት ዋተር?» ይለኛል፣ ሙቅ ውኃ የላችሁም ወይ ማለቱ ነው። ቦይለሩ ተበላሽቷል። እኔ በአማርኛዬ «አዎ፣ የለንም» ብዬ አስቤ «የስ» እለዋለሁ። ሰውዬው አለ ማለቴ መስሎት ፎጣውን ይዞ ወደ ሻወር ይሄዳል። ከዚያ ከላይ ጩኸት ይሰማል። እኛ የምንመልሰው ለጠያቂው ነው፣ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል እያልን። እነሱ የሚመልሱት ለነገሩ ነው፤ ውኃው ካለ የስ፣ ከሌለ ኖ፣ ጥያቄው በምንም ቢዞር። ቲቸር ጠመኔ እየወረወሩ ድንገት ይጠይቁናል፣ የያዘው ሳያስብ መመለስ አለበት። ነርሷ «ዲድንት ዩ ኢት?» (አልበላሽም?) ተብላ «የስ፣ ኖ፣ የስ፣ ውይ!» ያለችው እስካሁን መቀለጃችን ነው። አስቡት ግን፣ እሷ የምትሰራው ሆስፒታል ነው፤ የውጭ ዶክተር ታማሚው መድኃኒት አልወሰደም ወይ ብሎ ሲጠይቃት።

አነጋገር ላይ ብዙ አያስጨንቁም። «እስኩል» የምንለውን ብቻ አልተዉልንም፤ እንደ እባብ «ስስስስ» እያስባሉ ከዚያ «ኩል» ያስጨምሩናል። ጎልማሳ ሰው በ2ኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተቀምጦ እንደ እባብ ሲተነፍስ ያያችሁ ዕለት እኛ ነን።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው በጽሕፈቱ ነው። እያንዳንዳችን ባለ 50 ሉክ ደብተር አለን። በየቀኑ ማታ አምስት መስመር፣ ስለዋልንበት። ስልክ ላይ ማስተርጎም ክልክል ነው (እዚህ ላይ ተከራክሬያቸዋለሁ፣ አሁንም ትንሽ ያካብዳሉ እላለሁ)። ሲያርሙ ትክክሉን አይጽፉም፤ በእርሳስ ያሰምሩና ከሥሩ አንድ የአማርኛ ቃል ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ «ማናጀሩ እንዲህ አለኝ» ለማለት «ማናጀር ሴድ ሚ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «አለኝ» ብለው ጽፈው «ኝ»ን ብቻ ከበቡልኝ። አንድ ሰዓት ፈጠጥኩበት። የኛ «ኝ» ግሱ ላይ ተለጥፋ ትመጣለች፤ «ሴድ» ግን ሰውን በቀጥታ አይነካም፣ «ቱ» ይፈልጋል፣ ወይም ደግሞ «ቶልድ ሚ» ማለት ነው። ሌላ ቀን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ላይ አሰመሩ። እኛ «ትላንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አይገላምጠንም፤ እዚያ ግን «የስተርደይ» ከመጣ «ሃቭ» ይወጣል፣ «አይ ሶው ሂም» ይሆናል። ያንን 12 ቴንስ በቃሌ ሳነበንብ ማንም አልነገረኝም።

እነዚያ ጀልባ ያመለጣቸው ባልና ሚስት አልተቀየሙኝም። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ኢሜይል ላኩልኝ። እኔም ያኔ ትምህርቱን ገና እንደጀመርኩ ነበርና «በጣም ናፍቃችሁኛል» ለማለት «ዩ ሚስድ ሚ ቬሪ ማች» ብዬ መለስኩ። ሽማግሌው «የስ፣ ዊ ዲድ። ሃው ዲድ ዩ ኖው?» ብለው ጻፉልኝ። «አዎ ናፍቀኸናል፤ እንዴት አወቅህ?» ማለት ነው። ለቲቸር ሳሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በአማርኛ የሚናፈቀው ሰው ነው ባለቤቱ፣ በእንግሊዝኛ የናፈቀው። ያቺን ኢሜይል አሳትመው ለአዲስ ገቢዎች ያስተምሩባታል፤ ስሜን ግን ቀድደው አውጥተዋል።

ባለፈው ወር ዘጠኝ ሰዎች የሐይቅ ጉዞ ጠየቁ። መልሱን ማናጀሩ ሳያየው ራሴ ጻፍኩት፦ ጀልባው ከጠዋቱ ኤይት ኤ.ኤም. ይነሳል፣ ጀልባ ነጂው ግን «ቱ» ሊላችሁ ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ በኢትዮጵያ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዘጠኙም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሎቢ ውስጥ ነበሩ።

ለማን እንደማይሆኑ ልንገራችሁ። ለአይኤልቲኤስ (ውጭ አገር ለመሄድ ለሚወሰደው የእንግሊዝኛ ፈተና) የሚዘጋጅ ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ፣ እሳቸውም ራሳቸው ይመልሱታል። ሰርተፍኬት አይሰጡም። ፊልም ላይ እንዳሉት ማውራት የሚያምረውም ይሰለቻል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ነው የምንማረው። ቁጣቸውም ቀላል አይደለም፤ አምስቱን መስመር ሳይጽፍ የመጣ ቆሞ ይማራል፣ እኔ ሁለቴ ቆሜያለሁ። ክፍያው በወር 700 ብር ነው። ያልቻለ ያነጋግራቸው፤ የባጃጁ ልጅ ማታ ማታ ቤታቸው ያደርሳቸዋል፣ ሲከፍል አይቼው አላውቅም።

ቲቸር፣ ይሄን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በአማርኛ የጻፍኩት እንዳያሰምሩበት ብዬ ነው።

አዲሱ ዙር ጥቅምት መጀመሪያ ይጀምራል፣ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ። ቦታው 15 ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ ትምህርት ቤቱን እጠቁማችኋለሁ። ባለ 50 ሉክ ደብተርና እርሳስ ያዙ። በሩ የሚዘጋው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በኛ አቆጣጠር።