«የድሮ ሶል ምርጥ ዘፈኖች» የሚባለውን ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ወገኖች፣ ሰሞኑን ማታ ማታ ቴሌቪዥን ላይም ስልክ ላይም እየደጋገመ የሚመጣ ማስታወቂያ አለ። አሥር ሲዲ፣ ከመቶ ሃምሳ በላይ ዘፈን፣ የ60ዎቹና የ70ዎቹ የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ተጠቃሎ በአንድ ሳጥን፣ ዋጋው ወደ 90 ዶላር፣ «ዛሬ ካዘዙ» ደግሞ አንድ ሲዲ ምርቃት። የሻጩን ስም አልጠራም፤ ነገ በሌላ ስም ስለሚመጣ ስሙን ማወቁም ብዙ አይጠቅማችሁም። በአጭሩ፦ አትግዙት።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «በኦሪጅናል ዘፋኞች» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ዘፋኞቹ ራሳቸው ናቸው። ግን የምትሰሙት በ1966 ወይም በ1967 ተቀርጾ ዓለም ያበደለትን ዘፈን አይደለም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ድምፁ ደከም ካለ በኋላ፣ በሌላ ስቱዲዮ ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር እንደገና የዘፈነውን ነው። ይህንንም እኮ ጽፈውታል! ከጀርባ፣ ከባርኮዱ አጠገብ፣ መነጽር በሚያስፈልጋት ፊደል፣ አንዳንዶቹ ዘፈኖች በዘፋኞቹ በድጋሚ የተቀረጹ ናቸው የምትል መስመር አለች። «አንዳንዶቹ» ያሏቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ከእያንዳንዱ ዘፈን የሚያሰሙት ቁራጭ ሦስት አራት ሴኮንድ ስለሆነ ለመለየት ጊዜ አይሰጥም።

እኔ ያየሁት አጎቴ ቤት ነው፤ ልጆቻቸው ለልደታቸው ገዝተውላቸው። አጎቴ ያደጉት አስመራ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር ቃኘው ጣቢያ ውስጥ የራሱ ራዲዮ ነበረው፣ ሶልና ሪትም ኤንድ ብሉዝ እዚያ ይሰማ ነበር፤ የኛ ሙዚቀኞችም ይህን ሙዚቃ ካገኙባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው። እሳቸው ጋር በሶል ቀልድ የለም። ፐርሲ ስሌጅ ገና ሲጀምር «ይሄ ደሞ ማነው?» አሉ። «ጋሼ፣ ራሱ ነው እኮ፣ ተጽፏል» አልኳቸው። «እሱ ከሆነ ታሟል ማለት ነው» ብለው አጠፉት።

ልክ ናቸው። «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ዉማን» በ1966 አላባማ ውስጥ ሲቀረጽ ፐርሲ ስሌጅ ሆስፒታል ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው ስፑነር ኦልድሃም ነው። ዘፈኑ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። አሁን መጨረሻውን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ትንሽ ከቅኝት ወጣ ይላሉ። ዘፈኑን ያሳተመው አትላንቲክ ኩባንያ ይህ ክፍል እንዲደገም ጠይቆ ነበር፣ ተደግሞም ታትሞ የወጣው ግን በስህተት የመጀመሪያው ነው ይባላል። እና ያቺ ስንጥቅ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገችው ነገር ናት፣ ለኔ። ሳጥኑ ውስጥ ባለው ቅጂ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ልክክ ያሉ ናቸው። ንጹሕ፣ የታጠበ፣ ምንም የማይል።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ ብትሉ፣ የገንዘብ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቅጂ፣ ማለትም ማስተሩ፣ ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ሳይሆን የአሳታሚ ኩባንያው ንብረት ነው። ስብስብ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ከባለቤቱ ፈቃድ መግዛት አለበት፣ ያ ደግሞ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይሰጥም። ግን ዘፋኙ በውሉ ላይ «ይህን ያህል ዓመት ደግመህ አትዘፍነውም» የሚለው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሌላ ስቱዲዮ ገብቶ ያንኑ ዘፈን መቅረጽ ይችላል። ለግጥምና ዜማ ደራሲው በሕግ የተወሰነው ተከፍሎ ያልቃል፤ የድሮው ኩባንያ ምንም አያገባውም። አዲሱ ቅጂ በርካሽ ይገኛል፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያው ነው፣ ፎቶውም የ1960ዎቹ ነው። ከዚያ ለኛ ይሸጣል።

የማስተር ነገር ምን ያህል መራር እንደሆነ ለማወቅ የስታክስን ታሪክ ማየት ይበቃል። ሜምፊስ ያለው ስታክስ እነ ኦቲስ ሬዲንግን፣ እነ ሳም ኤንድ ዴቭን ያወጣ ቤት ነው፤ ሲዲዎቹን፣ ይቅርታ ሸክላዎቹን፣ የሚያከፋፍልለት አትላንቲክ ነበር። በ1968 ሲለያዩ ስታክሶች ውላቸውን ገልጠው ሲያዩ እስከዚያ ድረስ አትላንቲክ ያከፋፈለላቸው ሥራ ማስተር ሁሉ የአትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። የሠራው ቤት ራሱ ባዶ እጁን ቀረ። እንግዲህ ኩባንያው እንዲህ ከሆነ ዘፋኙን አስቡት።

ለዚህ ነው ዘፋኞቹን የማልወቅሰው። ሜሪ ዌልስ በ1964 «ማይ ጋይ» አንደኛ ወጥቶላት፣ ገና በ21 ዓመቷ ሞታውን ከሚባለው አሳታሚ ኩባንያ ወጣች፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የድሮ ዘፈኖቿን እንደገና ቀረጸች። መተዳደሪያዋ ነው፣ መብቷም ነው። የሚያበሳጨው ይህንን እንደ ድሮው አስመስሎ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ሽፋኑ ላይ በግልጽ «የ1980ዎቹ አዲስ ቅጂ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል? ይጎዳዋል እንጂ፣ ማን ይገዛዋል።

አንዳንድ ሰው «ዘፋኙ ራሱ ከሆነ ምን ለውጥ አለው» ይላል። የሞታውን ዘፈን ማለት እኮ ዘፋኙ ብቻ አይደለም። ዲትሮይት ውስጥ፣ የአንድ መኖሪያ ቤት ጋራዥ ስቱዲዮ ሆኖ፣ እዚያ ውስጥ ፋንክ ብራዘርስ የሚባሉት ሙዚቀኞች በየቀኑ የሚሠሩት ነው፤ ስማቸው ለዓመታት ሽፋን ላይ እንኳ አይጻፍም ነበር። የጄምስ ጀመርሰንን ቤዝ ጊታር አውጡና የቀረውን ስሙት። ኩባንያው በ1972 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፣ ቡድኑም ተበተነ። ስለዚህ በ80ዎቹ የተቀረጸው ውስጥ የምታገኙት ድራም ማሽንና ኪቦርድ ነው፤ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የተጫወተውን ዘፈን ሠርግ ቤት አንድ ሰው በኪቦርድ ሲያስነካው እንደመስማት።

አንድ ጥሩ መለያ ልንገራችሁ። ዝርዝሩን አይታችሁ ማን እንደጎደለ ቁጠሩ። ሳም ኩክ በታኅሣሥ 1964 ነው የሞተው። ኦቲስ ሬዲንግ በታኅሣሥ 1967 በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የሞተ ሰው በ1985 ስቱዲዮ ገብቶ አይደግምም። የነሱን ለማስገባት የግድ የድሮውን ቅጂ ማግኘት አለባቸው። የአጎቴ ሳጥን ውስጥ ኦቲስ የለም። መቶ ሃምሳ የሶል ዘፈን ብሎ ኦቲስን የዘለለ ስብስብ ምን እየደበቀ እንደሆነ ገባችሁ?

ሌላው ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ክብ ውስጥ ያለች የፒ ፊደል ፈልጉ፤ እሷ የቀረጻው መብት ምልክት ናት፣ አጠገቧ ዓመትና የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ደህና ስብስብ ከሆነ ለየዘፈኑ የመጀመሪያው ዓመት ተጽፎ፣ ከማን ፈቃድ እንደተወሰደ፣ አትላንቲክ ይሁን ሞታውን፣ ይነግራችኋል። ዓመቱ ከጠፋ ወይም ሁሉም ዘፈን ላይ አንድ የማታውቁት ኩባንያ ብቻ ካለ፣ ተውት። የዘፈኑን ርዝመትም ከሌላ ቦታ አመሳክሩ፤ የድሮው 2 ደቂቃ ተኩል ሆኖ ይሄኛው ወደ 4 ከተጠጋ ነገር አለ።

እዚህ ጋ ግን ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትሉ። አውሮፓ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፦ የአውሮፓ ኅብረት የቀረጻ መብትን ከ50 ወደ 70 ዓመት ሲያራዝም እስከ 1962 መጨረሻ የወጡትን አልነካም፤ እነሱ ጊዜያቸው አልፏል። ስለዚህ ጀርመንና ጣሊያን በጥቂት ዩሮ የምታገኟቸው የሬይ ቻርልስ የ1959፣ የኤታ ጄምስ የ1961፣ የሳም ኩክ የመጀመሪያ ዓመታት ስብስቦች የእውነት የድሮዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥራታቸው ይለያያል፣ አንዳንዱ ከሸክላ ተቀድቶ ጭረቱ ይሰማል። ግን ቢያንስ ዘፈኑ ያው ዘፈኑ ነው። ከ1963 ወዲህ ያለው ሥራ ግን በዚህ ዋጋ ሲመጣላችሁ ጠርጥሩ።

ዩቲዩብም ስፖቲፋይም ላይ ያው ጨዋታ አለ። የዘፋኙን ስም ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣው አንዳንዴ ድጋሚው ቅጂ ነው፤ «ምርጥ ሥራዎች» የሚል አልበም ሆኖ ከርዕሱ ጎን በቅንፍ በድጋሚ የተቀረጸ ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እሱንም አይልም። እዚያ ገንዘብ ስለማታወጡ ጉዳቱ ያንሳል። በፍላሽ «አምስት ሺህ ዘፈን» እያሉ የሚሸጡትን ግን እርሱት፣ እሱ ቀጥታ ስርቆት ነው፣ ግማሹም አይከፍትም።

ታዲያ ምን እንግዛ ካላችሁ፦ ስታክስን ለሚወድ በ1991 የወጣው የስታክስና የእህት ኩባንያው የቮልት ነጠላ ዜማዎች ስብስብ አለ፣ ከ1959 እስከ 1968፣ ዘጠኝ ሲዲ። ውድ ነው፣ ግን ያገለገለ ይገኛል። ለሞታውን ከ2005 ጀምሮ በቅጽ በቅጽ የወጣ የነጠላ ዜማዎች ስብስብ አለ። አሜሪካ ያላችሁ የአካባቢያችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሞክሩ፣ ብዙዎቹ ሲዲ በነፃ ያውሳሉ። ጥሩ ስብስብ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንዲያውም ከቤታችን መጀመር ይቻላል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀውን «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውሰዱ። እነ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያን ጊዜ ለሸክላ የቀረጹት ራሱ ነው ያለው፣ ከነመግለጫ ደብተሩ። ሶል ሳጥንም እንደዚህ መሆን ነበረበት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። ደረሰኙን ያዙ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስክሪንሾት አንሱ፣ የጀርባውንም ጽሑፍ ፎቶ አድርጉ። የአጎቴ ልጆች ሻጩ ጋ ሲደውሉ መጀመሪያ «የተከፈተ ሲዲ አንቀበልም» ተባሉ። በክሬዲት ካርድ ስለከፈሉ ግን ባንካቸውን «የተነገረን ዕቃ አልመጣም» ብለው ክፍያውን ተቃወሙ፣ ገንዘቡ ተመለሰ። በዴቢት ካርድ ወይም በዜል (ከባንክ ባንክ በስልክ በሚላከው) ከከፈላችሁ ይከብዳል፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ስታዙ በክሬዲት ካርድ ይሁን።

ሳጥኑ ሳያስፈልግ የምትሰሙትን ደግሞ እነሆ፣ የኔ ምርጫ ነው። የኦቲስ ሬዲንግ «ትራይ ኤ ሊትል ተንደርነስ»፣ የ1966ቱ፤ አል ጃክሰን ድራሙን ከጫፍ በማንኳኳት ጀምሮ እንዴት እያጋጋለው እንደሚሄድ ስሙ። የቢል ዊዘርስ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን»፣ 1971፣ ፕሮዲውሰሩ ቡከር ቲ ጆንስ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ የወጣው የአል ግሪን «ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር»፣ ሜምፊስ ውስጥ በዊሊ ሚቸል የተሠራው። የግላዲስ ናይትና የፒፕስ «ሚድናይት ትሬን ቱ ጆርጂያ»፣ 1973። አጎቴ ይህን ዝርዝር አይተው «ጄምስ ብራውን የት አለ?» ብለው ተቆጥተዋል፣ መልስ አላገኘሁላቸውም። የናንተን ስትልኩልኝ ዓመቱን ጨምሩበት፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ እንድናውቅ።