ባለ አንቴናው ዘንግ ከወራት በኋላ፦ ጫፉ ሳይሆን አፉ

እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሳበውን ባለ 3.6 ሜትር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲሸጡላችሁ «ጫፉን ብቻ ጠብቁት» ይሏችኋል። ጫፉ ደህና ነው። ጣና ዳር ወራት ሲሠራበት የሚሄደው ከጫፉ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው፤ እሱም አፉ ላይ፣ ቀጭኑ ክፍል ወጥቶ የሚጠብቅበት ቦታ። የማጥመጃው ክር ከሚያልፍበት ቀለበት ሥር ወደ ታች የምትወርድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ትታያለች። ከዚያ ዘንጉ ሲሳብ አልጠብቅ ይላል፣ ዓሣ ሲይዝ ደግሞ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ማጠንጠኛውና እጀታው ምንም አልሆኑም፤ ስለ እነሱ የምለው የለኝም።

«ኦሪጅናል ካርቦን ነው» ይባላል ደግሞ። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ዱቄት ነጭ ነው፤ የካርቦን ብናኝ ጥቁር ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ፋይበርግላስ ነው እንግዲህ። ፋይበርግላስ መሆኑ አያስከፋም፣ ለአምባዛ ጉልበት እንዲያውም ይስማማል። የሚያናድደው ቃጫው በቁመት ተዘርግቶ ዙሪያውን የሚያስረው እዚህ ግባ የማይባል መሆኑ ነው። አፉ እንዳይከፈት የያዘው የቀለበቱ ብረት ብቻ ነው፣ ብረቱን የያዘው ደግሞ አንዲት ጠብታ ሙጫ። ሙጫው ሲለቅ አፉ ያለ ደጋፊ ይቀራል። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጭቃው ይነሳል፤ ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል ይጨምሩበታል። ያ ደለል በክፍሎቹ መሐል ይገባና ዘንጉ አልዘጋ ሲል በጉልበት ይጠመዘዛል፣ አፉም ያኔ ይለቃል።

ጥገናው ቤት ይሠራል። ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ፣ የልብስ ስፌት ፖሊስተር ክር፣ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮል፣ ላይተርና ሁለት ሲሪንጅ ይበቃል። ሱፐር ግሉን እርሱት፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ ዘንጉ በጎበጠ ቁጥር ይለቃል። «በ5 ደቂቃ ይደርቃል» የሚለውንም ኤፖክሲ ተዉት፣ ክሩ ውስጥ ሳይሰርግ ይጠነክራል።

ዘንጉን አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ቀለበቱን ለማስለቀቅ ብረቱን ብቻ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ እያሞቃችሁ በጨርቅ ይዛችሁ አዙሩት፣ ሲለቅ ወደ ቀጭኑ ክፍል ገፍታችሁ አቆዩት። እሳቱ ዘንጉን ካገኘው ቀለሙ ይነፋል፣ ከሥሩ ያለውም ቃጫ ይዳከማል። አፉን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀለሙ ወዙን እስኪያጣ ፈግፍጉ፣ ቃጫውን ግን አትንኩ። በአልኮል ጥረጉት። ሙጫው እንዳያጣብቀው ቀጭኑ ክፍል ላይ ፌስታል ጠቅልሉበት።

ከሁለቱም ቱቦ በየሲሪንጁ 0.5 ሚሊ ሊትር ለኩና ሁለት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። በዓይን የተለካ ኤፖክሲ ሳምንት ቢቆይም ሳይደርቅ እጅ እያጣበቀ ይቀራል። ስንጥቁን በመርፌ ፈልቀቅ አድርጋችሁ አስርጉበት፣ ወደ ውስጥ ያለፈውን በጥጥ ጥረጉ፤ ውስጥ ከደረቀ ቀጭኑ ክፍል ዳግመኛ በቦታው አይጠብቅም።

ከዚያ ክሩ። ለቀለበቱ መቀመጫ ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ፣ ስንጥቁ ካለቀበት 1 ሴንቲ ሜትር እስኪያልፍ ጠምጥሙ። የክሩን ጫፍ በቁመት አስተኝታችሁ አምስት ስድስት ዙር በላዩ ሂዱ፤ ክሩን ወጥራችሁ ዘንጉን አዙሩ። ሊያልቅ አስር ዙር ሲቀረው ለሁለት የታጠፈ ሌላ ክር አስተኙና በላዩ ጠምጥሙ። ጫፉን በእጥፋቱ አሳልፋችሁ ስትስቡት ጥምጥሙ ሥር ገብቶ ይቀራል። ቋጠሮ አትቋጥሩ። የታችኞቹን ዙሮች ሳሳ አድርጓቸው፤ የተጠገነው ቦታ ስለሚጠነክርና ስለማይጎብጥ ዘንጉ ቀጥሎ የሚሰበረው ጥምጥሙ ድንገት የሚያልቅበት ላይ ነው። ኤፖክሲውን በብሩሽ ቀቡ፣ ቀለበቱንም በዚያው መልሱ፣ ሙጫው መፍሰስ እስኪያቆም በየጥቂት ደቂቃው ሩብ ዙር አዙሩት። ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ከቃጫው የሚወጣው አየር አረፋ ይሠራበታል። 24 ሰዓት ሳይሞላው ውኃ አታሳዩት።

መንጠቆው ደንገል ሥር ከተያዘ ዘንጉን አጉብጣችሁ አትታገሉ። ወደ ተያዘበት ቀጥ አድርጋችሁ የመንጠቆውን ክር በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ሳቡት።

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?» ለሚለኝ ሻጭ፦ አልጸጸትም፣ ተናድጃለሁ። ደንገሉን አሻግሮ መንጠቆ የሚጥል፣ ሲዘጋ ባጃጅ ውስጥ የሚገባ ሌላ ዘንግ በዚህ ዋጋ አላየሁም። የአንድ ጠብታ ሙጫ ስስት ግን አይገባኝም። ከመክፈላችሁ በፊት ቀለበቶቹን በሁለት ጣት አዙሯቸው። ሻጩ «እንዲዞር ነው የተሠራው» ካላችሁ፣ እውነቱ ለጫፉ ክፍል ተንሸራታች ቀለበት ብቻ ነው። አፍ ላይ ያለው ከዞረ ሌላ ዘንግ ያምጣላችሁ።